ክርክር፦ የልጆች የሥዕል ውድድር ደረጃ ይውጣለት ወይስ ይቅር?

መነሻ ሐሳብ፦ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሥዕል ያወዳድሩና ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ይሸልማሉ። እኔ ደረጃ ማውጣቱ ይቅር እላለሁ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቴሬዛ አማቢሌ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመችው ጥናት አለ። ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ሴት ልጆች ግብዣ ላይ ባለቀለም ወረቀት እየለጠፉ ሥዕል ሠሩ። ለአንዱ ቡድን፣ የምትሸለመው ጥሩ የሠራችው ናት ተባለ። ለሌላው ሽልማቱ በዕጣ ሆነ። ሠዓሊዎች ሥራውን ሲገመግሙት የተፎካካሪዎቹ ፈጠራ አንሶ ተገኘ።

ወላጅ፦ አልስማማም። ልጄ ውድድር ባይኖር እርሳስ አያነሳም። ደግሞ ግብዣ ላይ የታየ ነገር ለክፍል ይሠራል እንዴ?

የነርቭ ሳይንስ ተማሪ፦ አንጎልንም እንየው። ተመራማሪዎቹ ሊምብ እና ብራውን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ስድስት የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው አስጫወቱ። የሸመደዱትን ትተው እዚያው ሲፈጥሩ፣ ራስን የሚቆጣጠረው የፊተኛው አንጎል የጎን ክፍል ሥራው ቀነሰ። የመሃሉ ደግሞ ጨመረ። ጥናቱ ውድድርን አልለካም። ግን «ስንተኛ እወጣ ይሆን?» እያለ የሚሥል ልጅ ያንን ተቆጣጣሪ ዝም ማሰኘት የሚከብደው ይመስለኛል።

ዲዛይነር፦ ፉክክር ሁሉ አንድ አይደለም። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ዳንኤል ግሮስ በኢንተርኔት የሚካሄዱ የሎጎ (የድርጅት መለያ ምልክት) ውድድሮችን አጥንቶ ነበር። ጥሩ ነጥብ ያገኘ ሰው እኩያው ሲመጣበት አዲስ ነገር ይሞክራል። ፉክክሩ ከልክ ሲያልፍ ግን መሞከሩን ይተዋል። ስንቱ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሦስት ብቻ መሸለም የትኛው ነው?

የቅኔ ቤት ተማሪ የነበርኩ፦ ወገኖቼ፣ ቅኔ ቤት ፉክክር ብርቱ ነው። ግን ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ለብቻው ነው፤ ጥግ ይዞ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ። ለመምህሩ የሚነግረው በኋላ ነው። የኔታም የሚያርሙት ያኔ ነው። ሐሳቡ ገና ሳይወለድ ማንም አይመዝንበትም።

መነሻ ሐሳብ፦ ይሄ ይበልጥ ገባኝ። እንግዲያው ውድድሩ ይኑር፤ ግን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ይምጣ።

ወላጅ፦ ልጆቹ መጨረሻ ላይ ውድድር እንዳለ ካወቁ ከመጀመሪያውም እሱን ማሰባቸው ይቀራል?

መነሻ ሐሳብ፦ አይቀርም፣ እውነትሽን ነው እህቴ። ስለዚህ ቀድሞ አይነገራቸው። ልጁ ሥዕሉን ጨርሶ ከወደደው፣ ላወዳድር ወይስ ቤት ልውሰደው የሚለውን ራሱ ይወስን።