«ሞቶ ነበር» ስላሉት ወንዝ

የቀበና ልጅ፦ ትናንት ማታ አንዱ የአዲስ አበባውን የወዳጅነት አደባባይ መናፈሻ ፎቶ እዚህ አስቀምጦ «ወንዙ ሞቶ ነበር፤ አሁን ተነሣ» ብሎ ጻፈ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እናቴ ከግንፍሌ ድልድይ ሥር ልብስ ስታጥብ እኔ ድንጋይ ላይ የተሰጣውን አንሶላ እጠብቅ ነበር። ሞቶ ከነበረ የታጠብነው በሬሳ ነዋ!

ባለ ፎቶው፦ ጻፊው እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። ልጅነትህን አልነካሁም። በባንተ ይቀጡ ወንዝ ዳር አፍንጫ ሳይዙ ማለፍ የማይቻልበትን ዘመን ረሳኸው? በግንቦት 2011 ለወንዝ ዳር ልማቱ ገንዘብ ሲሰበሰብ ለአንድ ማዕድ 5 ሚሊዮን ብር የከፈሉ ሰዎች የከፈሉት ለጤነኛ ወንዝ አልነበረም።

የቀበና ልጅ፦ ስለ ሽታው አልተከራከርኩም። «ሞቶ ነበር» አልክ። ሞተ የሚባለው ገዳይ እንዳይጠየቅ ሲፈለግ ነው። ማን ገደለው?

መሐንዲሱ፦ ገዳዩ አንድ አይደለም። ወንዙ ከእንጦጦ ሲነሣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አቃቂ ሲደርስ 2,100 ገደማ። በዚያ ቁልቁለት የቆዳ ፋብሪካው ክሮም፣ የጋራዡ ዘይትና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ አብረው ይወርዳሉ። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ መቀበል ይችላል፤ ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በፍሳሽ መስመር የደረሰውን ነው። ቤቱ ከመስመሩ ካልተገናኘ መስመሩ ወንዙ ነው።

ጋሼ ሜሪላንድ፦ እኛ በጃንሆይ ዘመን ቀበና ወንዝ ውስጥ ዋኝተናል። ልጆች፣ አትጣሉ። እዚህ ዋሽንግተን ባለው አናኮስቲያ ወንዝ መዋኘት የተከለከለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ነው። ሀብታምም ወንዙን ያቆሽሻል።

የቀበና ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የዋኙበት ዳር ላይ የነበረው ሰው አሁን የት እንዳለ ያውቃሉ? ቤቱ ፈርሶ ከከተማው ዳር ተሰጥቶታል።

ባለ ፎቶው፦ በየክረምቱ ጎርፍ ከሚወስደው መነሣቱ አይሻልም? ወንዙን የምታፈቅረው ሰው ሲሰምጥበት ነው?

የቀበና ልጅ፦ ማንሣት ሌላ፣ አንሥቶ መናፈሻ ማድረግ ሌላ።

የላፍቶዋ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ከላይ ስላለው ነው። እኛ ከታች ነን። አባቴ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ሲያለማ አርጅቷል። በየጊዜው ሰው ይመጣል፣ በጠርሙስ ውሃ ይቀዳል፣ ጎመኑ ውስጥ ከባድ ብረት የሚሉት መርዝ አለ ብሎ ይሄዳል። ሌላ ውሃ ግን ይዞ የሚመጣ የለም። ጎመኑን ከክትፎው ጋር የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ሞቶ ከነበረ ምን በላችሁ?

ባለ ፎቶው፦ እኔ ጎመን አልወድም።

የላፍቶዋ፦ ይኸው፣ መልስ ተገኘ!

ስም አዋቂ፦ ይቅርታ፣ «ባንተይቀጡ» ተያይዞ ነው የሚጻፍ።

መሐንዲሱ፦ ተነጥሎ ነው። ባንተ። ይቀጡ። ሌሎች ባንተ ይማሩ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ፍርድ ነው።

ስም አዋቂ፦ ካርታ ላይ ተያይዞ አይቻለሁ።

የቀበና ልጅ፦ ካርታ ላይ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርም ለምቷል።

መሐንዲሱ፦ 56ቱ እኮ ዕቅዱ ነው፤ ለሱ የተባለው 29 ቢሊዮን ብርም እንደዚያው። ለማንኛውም የሁሉም ወንዞች መጨረሻ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነበር፤ ደለል ሞልቶበት ለአሥርት ዓመታት ቆመ፤ ከዚያ በቻይና እርዳታ ታደሰ። ግድቡ ታደሰ እንጂ ውሃው አልታደሰም። እምቦጩን ሄዳችሁ እዩት። ከዚያ ወደ አዋሽ ይፈስሳል፤ አዋሽ ዳር ያለ ሰው ደግሞ ይጠጣዋል።

ባለ ፎቶው፦ እንግዲህ ምንም አይሠራ ነው የምትሉት?

የላፍቶዋ፦ ከላይ የሚለቀቀው ይቁም ነው የምንለው። አበባው ይቆይ።

መሐንዲሱ፦ ቆይ፣ ፎቶውን አሁን አሰፋሁት። ይህ የሚያብለጨልጨው ውሃ ሰው ሠራሹ ሐይቅ አይደለም?

ባለ ፎቶው፦ ወንዙ ከኋላው ነው።

የቀበና ልጅ፦ «ተነሣ» ያልከው የቱ ነው ታዲያ?

ባለ ፎቶው፦ ነገ በቀን ብርሃን ሌላ አነሣለሁ።

ጋሼ ሜሪላንድ፦ ስታነሣ የግንፍሌን ድልድይም ጨምርልኝ። ከሥሩ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር።

የቀበና ልጅ፦ እሱማ የእናቴ ድንጋይ ነው።