የዓሣ ዘይትና የቫይታሚን ዲ ጠብታ፦ ለ14 ወር ልጅ አብሮ ይሰጣል ወይ?

የማቲ እናት (ኦስሎ)

ሰላም ለሁላችሁ። ማቲ 14 ወሩ ነው። የቫይታሚን ዲ ጠብታ በቀን 5 ጠብታ ይወስዳል፤ ከሄልሰስታሾን (ከሕፃናት ጤና ጣቢያው) የሰጡን አልቆ አሁን የያዝነው እህቴ ከአሜሪካ የላከችው ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚህ ልጅ ሁሉ ይወስዳል ሲሉኝ ትራን የሚሉትን የዓሣ ዘይት ገዝቼ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ጀመርኩለት። ሁለቱን አብሮ መስጠት ችግር አለው? ሌላው፣ የባሌ እህት ከአዲስ አበባ «ልጄ 3 ዓመት ሞላው፣ ንግግሩ ዘገየብኝ፣ ለአእምሮው ይሆነዋል» ብላ 4 ጠርሙስ እንድንልክላት ትጠይቃለች። በሻንጣ ሲሄድ አይበላሽም?

ሲስተር ሃና (ትሮንድሄይም)

የማቲ እናት፣ እንኳን ጠየቅሽ። በአማርኛ ሁሉንም «የዓሣ ዘይት» ስለምንለው ነው ነገሩ የሚደበላለቀው። ትራን ከኮድ ዓሣ ጉበት የሚወጣው ነው። እዚህ የተለመደው ትራን በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ፣ 250 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ እና 1.2 ግራም ኦሜጋ 3 አለው፤ የያዝሽው ጠርሙስ ጀርባ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሪው። «ኦሜጋ 3» ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣው ሥጋ የተጨመቀ ስለሆነ፣ ካልጨመሩበት በቀር ዲ የለውም። ጠብታው ደግሞ ዲ እንጂ ኦሜጋ 3 የለውም። ኖርዌይ ለሕፃን የሚመከረው ከተወለደ ከ1 ሳምንት ጀምሮ በቀን 10 ማይክሮግራም ዲ ነው። ትራኑን 5 ሚሊ ከወሰደ ያ ሞልቷል፣ ጠብታው ይቅር። ተራ ኦሜጋ 3 ከሆነ የምትሰጪው ጠብታው ይቀጥላል።

ሄልሰስታሾን ጠብታውን በነጻ የሚሰጠው እንደኛ ከውጭ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች እስከ 6 ወር ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከአፖቴክ (ከመድኃኒት ቤት) ይገዛል። ለምን ለኛ ልጆች ለይተው እንደሚሰጡ ብዙ ሰው አይነገረውም። ኦስሎ 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ክረምቱን ሙሉ ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ላይ ዲ አትሠራም። የኛ ቆዳ በበጋውም ቢሆን ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ፀሐይ ይፈልጋል። አገር ቤት ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ፀሐይ ማሞቁ የሚሠራውን ሥራ እዚህ በጃንዋሪ አይሠራም። ኖርዌጂያኖች ስሙ ውስጥ «ር» ባለበት ወር ሁሉ ትራን ይወሰዳል ይላሉ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ማለት ነው። ያ ለትልቅ ሰው ነው፤ ሕፃን በጋውንም አያቋርጥም።

ማንኪያው ላይ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። በኖርዌይኛ ቴሸ 5 ሚሊ፣ ባርነሸ 10 ሚሊ፣ ስፒሰሸ 15 ሚሊ ነው። ባርነሸ ሲተረጎም «የልጅ ማንኪያ» ስለሆነ ለልጅ የታዘዘ መጠን ይመስላል፤ እጥፍ ነው። የቤት የሻይ ማንኪያም እንደ ቅርጹ አንዱ 3 ሚሊ፣ ሌላው 7 ሚሊ ሊይዝ ይችላል። ከአፖቴክ ባለ 5 ሚሊ የአፍ ሲሪንጅ ብትወስጂ ይሻላል።

ስትሰጪው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። የሲሪንጁን ጫፍ በጉንጩና በድዱ መሀል አድርገሽ ጥቂት ጥቂት ግፊ፣ እየዋጠ። እያለቀሰ፣ ተንጋሎ ወይም አፍንጫው ተይዞ ፈጽሞ አይሰጥም። ዘይት ትን ሲል እንደ ውኃ አያስልም፤ ዝም ብሎ ወደ ሳንባ ይወርድና የሳንባ ምች ያመጣል። አገር ቤት አዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ሲያውጡት የሚደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። ጡጦ ውስጥም አትጨምሪው፤ ዘይቱ ከወተቱ ላይ ተንሳፍፎ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ልጁ ስንት እንደወሰደ አታውቂም። ከቁርስ ጋር ስጪው፤ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር በደንብ ይሰርጻል፣ የዓሣ ሽታ ያለው ግሳትም ይቀንሳል። አንቺ የምታጠቢ ከሆነ ትራን ብትወስጂ ለራስሽ ጥሩ ነው፤ በጡትሽ የሚያልፈው ዲ ግን ጥቂት ስለሆነ የልጁን አይተካም።

ጋሽ ደረጀ (በርገን፣ ፋርማሲስት)

ሲስተር ሃና ያለችው ልክ ነው፤ ግን የኖርዌይን ጠብታ አስባ ነው የመለሰችው። የማቲ እናት፣ ጠብታው ከአሜሪካ ነው ብለሻል። የኖርዌዩ 5 ጠብታ 10 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ ግን ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው እስከ 1 ሚሊ ሊትር መስመር ተስቦ 400 አይ ዩ የሚሰጠው ነው፤ ሌላው የተጠናከረ ነው፣ አንዲት ጠብታ ብቻዋን 400 አይ ዩ ናት። የዲውን አይ ዩ (የቫይታሚን መለኪያ ነው) ለ40 ስታካፍይው ማይክሮግራም ይሆናል፤ 400 አይ ዩ 10 ማይክሮግራም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ 5 ጠብታሽ ከሚበቃው በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ልጁ ከጠብታው ብቻ በቀን 50 ማይክሮግራም እየወሰደ ነው፣ ከትራኑ ጋር 60። በአውሮፓ ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የተቀመጠው ጣሪያ 50 ነው።

አሁኑኑ ጠርሙሱን አንሺና «በአንድ ጠብታ» ወይም «በ1 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ቁጥር እዚህ ጻፊልን። እስከዚያ ጠብታውን አትስጪው።

አቤል (ለንደን)

እዚህ እንግሊዝም ያው ነው። ሁለት ማሟያ በአንድ ጊዜ አትስጡ ይላሉ፤ ለሕፃናት የሚታደለው ጠብታ ኤ እና ዲ ስላለው የኮድ ጉበት ዘይት ሲታከልበት ሁለቱም ይደራረባሉ። በቀን ከ500 ሚሊ በላይ ፎርሙላ የሚጠጣ ልጅ ጠብታ አያስፈልገውም፣ ፎርሙላው ውስጥ ስላለ። ለነፍሰ ጡር ግን የእንግሊዝ ምክር ከኖርዌይ ይለያል፤ በቫይታሚን ኤው ምክንያት የኮድ ጉበት ዘይትና ጉበት ራሱ ይከለከላሉ። ዱለትም እዚያ ውስጥ ነው።

ጋሽ ደረጀ (በርገን፣ ፋርማሲስት)

ቫይታሚን ኤውን አቤል ካነሳው፦ ኖርዌይ ያሉ ልጆች ባርነሃገ (መዋዕለ ሕፃናት) ውስጥም ቤትም ዳቦ ላይ ሌቨርፖስታይ ይቀባላቸዋል፣ ያም ከጉበት የተሠራ ነው። 5 ሚሊ ትራን ብቻውን አያሳስብም። ትራን፣ መልቲቫይታሚንና ሌቨርፖስታይ በየቀኑ ሲደራረቡ ግን መጠኑን መደመር ያስፈልጋል። ትራን ላይ መልቲቫይታሚን የሚጨምር ካለ ኤ የሌለበትን ይምረጥ።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆቼ፣ ስለ ሕፃኑ አልናገርም፤ ከ7 ዓመት በታች ጾም የለበትም። ግን ሲስተር ሃና የምታጠባ እናት ትራን ትውሰድ ስትይ ሁዳዴ ላይም ነው? የዓሣ ጉበት እኮ ነው። 55 ቀን ጾማ የምትቆርብ እናት በዘይት ስም ጾሟን እንድትፈታ አትምከሪያት። ተልባ አለ። አገራችን ለአራስ ተልባ ስንሰጥ የኖርነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሲስተር ሃና (ትሮንድሄይም)

ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ ጾሙን እንድትፈታ አላልኩም፣ ይቅርታ ከመሰለብዎት። የምታጠባ እናት የምትጾም ከሆነ ከኦሜጋ 3 በላይ የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው፤ በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላልና በዓሣ እንጂ በአትክልት አይገኝም። እናትየዋ ለረጅም ጊዜ ሲያልቅባት የጡት ወተቷም ያንሰዋል፣ የሕፃኑ ነርቭ ይጎዳል። ቢ12 በክኒን ይወሰዳል፣ ከዓሣም ከሥጋም ያልተሠራ አለ።

ከድር (ስቶክሆልም)

ለኛ ደግሞ ጥያቄው ጄላቲን ነው። እንክብሉና ጄሊው የሚሠራው ከአሳማ፣ ከከብት ወይም ከዓሣ ነው። የስዊድን ጽሑፍ ላይ የአሳማው «ስቪን» ወይም «ግሪስ» ተብሎ ይጻፋል፣ ምንም ካልተጻፈ አምራቹን መጠየቅ ነው። ፈሳሹ ትራን ጄላቲን ስለሌለው ለሁላችንም ቀላሉ እሱ ነው። ጄሊውን በሌላ ምክንያትም አልመክርም፤ አንዳንዱ በአንድ ፍሬ 30 ወይም 50 ሚሊ ግራም ዲኤችኤ (በዓሣ ውስጥ ያለው የኦሜጋ 3 ዓይነት) ቢይዝ ነው፣ ልጅ ደግሞ ከረሜላ ይመስለዋል። እንክብል ለትንሽ ልጅ ያንቃል። እዚህ የዲ ጠብታ እስከ 2 ዓመት በነጻ ነው፣ 5 ጠብታ በቀን።

አቤል (ለንደን)

ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ በአክብሮት፣ ዓሣ በጾም አይበላም ብሎ መደምደም ይከብዳል። ከሁዳዴ ውጭ ባሉት አጽዋማት ስንቱ ቤት ዓሣ ይበላል። በፍልሰታ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሄደው ይዩ። በሐኪም ማዘዣ ሲሆን ደግሞ መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ ሰው ይበላል ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የታዘዘ መድኃኒትን አልነካሁም። ከሱቅ መደርደሪያ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያነሳውን ግን መድኃኒት ብለን አንጥራው። የንስሐ አባት ያላት እሳቸውን ትጠይቅ፣ እኔም አንተም አይደለንም የምንፈቅደው።

ጋሽ ደረጀ (በርገን፣ ፋርማሲስት)

ስለ ተልባው፦ ተልባ ጥሩ ነው፣ ኦሜጋ 3ም አለው። ግን በተልባ ውስጥ ያለው ኤኤልኤ የሚባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው፤ ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ነው፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ ኦሜጋ 6 እንጂ ኦሜጋ 3 አይደሉም። ዓሣ ራሱ ዲኤችኤውን የሚያገኘው ከባሕር አልጌ ነው፤ ከአልጌ በቀጥታ የተጨመቀ ዘይት አፖቴክ ውስጥ አለ። የጾመኛዋ እናት ጉዳይ በዚህ ያልቃል ብዬ አስባለሁ። አልጌ ዘይቱም ዲ ካልተጨመረበት የለውም።

የማቲ እናት፣ የጠርሙሱን ቁጥር እየጠበቅሁ ነው።

አቤል (ለንደን)

እንክብሉ ከከብት ጄላቲን ከሆነስ አልጌውስ ምን ጠቀመ? ጾመኛዋ እሱንም ታንብብ እንግዲህ። ነጥቤ ግን ይኼ አይደለም። እዚህ ሰንበቴ ላይ እናቶች በጾም ምክንያት ለ3 ዓመት ልጅ ሳይቀር እንቁላልና ዓሣ ሲከለክሉ ዝም እየተባለ፣ ስለ 5 ሚሊ ዘይት ይህን ያህል መከራከራችን ልክ አይመስለኝም።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለ3 ዓመት ልጅ የሚከለክል ካለ እኔም እቃወማለሁ፣ እሱ ላይ አንድ ነን።

ሲስተር ሃና (ትሮንድሄይም)

ወደ አዲስ አበባዋ እህት ልመለስ፣ እሷ ተረሳች። የ3 ዓመት ልጅ ንግግር በዓሣ ዘይት አይፈታም። መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው፤ ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ቆይቶበት ድምፅ የሚያፍነው ልጅ ብዙ ነው፣ ወላጅ ደግሞ «ይሰማል፣ ስጠራው ይዞራል» ይላል። ከኋላው ሆና በሹክሹክታ ስትጠራው ይዞራል? ሁለት ቃል አገጣጥሞ «ውኃ ስጪኝ» ይላል? በጣቱ ይጠቁማል? እነዚህን ጠይቂያት። ለ4 ጠርሙስና ለሻንጣ ኪሎ የምታወጡትን ገንዘብ ላኩላትና የጆሮ ምርመራ ታሠራለት፣ የተረፈው እንቁላል ይሁነው። ዲውም ቢሆን አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ ይገኛል፣ ልጁ ተሸፋፍኖ ቤት ካልዋለ። ለመላክ ከወሰናችሁ ግን አንድ ነገር አስታውሱ፤ እዚያ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ በየ6 ወሩ 200,000 አይ ዩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። በቅርብ ወስዶ ከሆነ ትራኑን ከመጀመሯ በፊት ለጤና ባለሙያዋ ትንገር።

ከድር (ስቶክሆልም)

የሻንጣውን ጉዳይ፦ ከ100 ሚሊ በላይ ስለሆነ በብዙ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ አይገባም። ያልተከፈተ ጠርሙስ ለጉዞው ጊዜ ይችላል፤ የሚያበላሸው ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ነው። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ የተከፈተበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ። መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰዓት የሚቆይበት ቤት ትንሹን ጠርሙስ መላክ ይሻላል። የተበላሸው የቀለም ወይም የቆየ ቫርኒሽ ሽታ ይሸታል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። ያኔ ይደፋ።

የማቲ እናት (ኦስሎ)

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ልጁን እያስተኛሁ ነበር። ጠርሙሱን አየሁት። «1 ጠብታ፣ 400 አይ ዩ» ነው የሚለው። በ5 ጠብታ 5 ሳምንት ሆኖታል። ምን ላድርግ?

ጋሽ ደረጀ (በርገን፣ ፋርማሲስት)

አይዞሽ። ጠብታውንም ትራኑንም ዛሬ አቁሚ። ዲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች ለጥቂት ሳምንት ቢቋረጥ ልጁ አይጎድልበትም። በ14 ወር ይህ መጠን ጣሪያው ላይ የደረሰና ትንሽ ያለፈ ነው፤ ገና ጥቂት ወር የሆነው ሕፃን ቢሆን የከፋ ነበር፣ እስከ 6 ወር ጣሪያው 25 ነውና። ጊፍትኢንፎርማሾነን (የመርዝ መረጃ መስመር) 22 59 13 00 ሌት ተቀን ይመልሳሉ፤ ክብደቱን፣ በቀን የወሰደውን 60 ማይክሮግራም፣ ጠብታው 5 ሳምንት፣ ትራኑ 1 ሳምንት መሆኑን ንገሪያቸው። ነገ ደግሞ ለፋስትለገ (ለቤተሰብ ሐኪሙ) ደውዪ፣ የካልሲየም የደም ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ይወስናል። ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ያልተለመደ ጥማት፣ ዳይፐር ቶሎ ቶሎ መሙላት፣ ምግብ እምቢ ማለት ወይም መፍዘዝ ካየሽበት ነገን አትጠብቂ፣ ሌገቫክት (የድንገተኛ ሐኪም) 116117 ደውዪ። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ።

አቤል (ለንደን)

ያው ጠብታ ለሌላ ሰው ተልኮ እንደሆነ እህትሽን ጠይቂያት።

የማቲ እናት (ኦስሎ)

እሺ ጋሽ ደረጀ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስመለስ የለበትም፣ ሆዱ ግን ሰሞኑን ደርቋል፤ ሙዙ ነው ብዬ ነበር። አሁን እየደወልኩ ነው። እህቴ ለአክስቴ ልጅም ልካለች፣ እሷ ደግሞ 4 ወሯ ነው፤ ስቶክሆልም ናቸው። ከድር፣ እዚያ በዚህ ሰዓት የሚደወለው ቁጥር የትኛው ነው?