ስለ ሙሉጌታ ሥራው ግድያ ላይብረሪ ውስጥ የደራሲ ዝግጅት አለ፤ እናቴንና ልጄን ይዤ ልሂድ?

ቤዛ፣ ቢቨርተን
ሰላም ወገኖቼ። ሰፈራችን ያለው ላይብረሪ፣ ከዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ ስለተገደለው ኢትዮጵያዊ፣ ስለ ሙሉጌታ ሥራው የጻፈ ደራሲ ጋብዟል። እንዲህ ዓይነት ዝግጅት ሄጄ አላውቅም። ይከፈላል? መጽሐፉን ሳላነብ ብሄድስ? እናቴ "እኔም እመጣለሁ" ብላለች፤ እንግሊዝኛ ግን አትሰማም። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ታሪኩን ጭራሽ አያውቅም። እኔም የማውቀው በወሬ ነው። እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ።

የላይብረሪዋ
ቤዚ፣ እኔ ላይብረሪ ነው የምሠራው። የሕዝብ ላይብረሪ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው። ወንበር ሊያልቅ ስለሚችል ድረ ገጻቸው ላይ ቀድመሽ ተመዝገቢ። መጽሐፉን ሳያነብ የሚመጣ ሰው ሞልቷል፣ አትሸማቀቂ። ማንበብ ካማረሽ ግን ወረፋ ዛሬውኑ ያዢ፤ ቀኑ ሲቃረብ ሁሉም ይሻማበታል።
ስለ እማማ ደግሞ፣ አሁኑኑ ደውለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከተጠየቁ ብዙ ላይብረሪዎች ይሞክራሉ፤ ካልተጠየቁ ማንም አያስበውም። በዕለቱ በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የድሮው ፖርትላንድ
ልጄ፣ ያኔ እዚሁ ነበርኩ። በወሬ ከሚሆን አጭሩን ልንገርሽ።
ሙሉጌታ ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1981 በእኛ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 13 ቀን 1988፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው። ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ አድርሰውት ሳለ ሦስት ስኪንሄዶች፣ ማለትም ፀጉራቸውን የሚላጩ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች፣ መጡባቸው። ኬን ሚስኪ የሚባለው ሙሉጌታን በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሚስኪ ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በፈረንጆቹ 2011 እስር ቤት ሞተ። ሁለቱ ግብረ አበሮቹም ዝቅ ባለ የግድያ ክስ ታሰሩ።
እንደኔ እንደኔ ትልቁ ነገር በፈረንጆቹ የ1990ው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። አጎቱ አቶ እንግዳው ብርሃኑ በቤተሰቡ ስም ከሰሱ፤ ጠበቃው ሞሪስ ዲስ ነበር። የከሰሱት ገዳዮቹን ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ የነጭ ዘረኞች ድርጅት ይመራ የነበረውን ቶም ሜትዝገርንም ነው። ሜትዝገር ዱላ አልጨበጠም፣ ፖርትላንድም አልነበረም። ነገር ግን ስኪንሄዶቹን የሚያደራጅ ሰው መላኩን የተላከው ሰው ራሱ መሰከረ። ጁሪው፣ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ማለት ነው፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። አብዛኛው ገንዘብ አልተገኘም፤ ሰውየው ግን ቤቱን አጣ። ደራሲው ይህን ካለፈው ጠይቂው።

የሁለት ልጆች እናት
በልጁ ነገር እኔ ትንሽ እጠነቀቃለሁ። ግድያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያውቀው ሰው አፍ፣ ያውም በአዳራሽ መሃል አይስማ። ቤት ውስጥ አንቺ ንገሪው፣ ጥያቄውን ይጨርስ፣ ከዚያ "መሄድ ትፈልጋለህ?" በይው። አልፈልግም ካለ አትጎትቺው።
ደቡብ ምሥራቅ 31ኛውና ፓይን መንገድ የሚገናኙበት ደግሞ ውሰጂው። በ2018፣ በ30ኛው ዓመት፣ የመንገዱ ምልክት ላይ የሙሉጌታ ስም በአማርኛም ተጽፎ ተሰቅሏል። ልጆቼ ፊደሉን ሲያዩ ነው ነገሩ የገባቸው።

ነገረኛው
እኔ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ብዙም አይጥመኝም። የገዳዩን አስተዳደግ፣ ሙዚቃውን፣ ንቅሳቱን ሳይቀር ይዘረዝርልሻል። ሟቹ ሁለት መስመር ይደርሰዋል፣ "ኢትዮጵያዊ ተማሪ" ተብሎ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ ስለ ሙሉጌታ ከነማን ጋር አወራህ? መልሱን ስትሰሚ መጽሐፉ መገዛት አለመገዛቱን ታውቂያለሽ።
አደራ ደግሞ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቂ። የኛ ሰው ማይክ ከያዘ አይለቅም።

የላይብረሪዋ
ሃሃ፣ ይሄስ እውነት ነው። ጊዜ ካለሽ፣ በላይብረሪ ካርድሽ የያኔውን ዘ ኦሪጎኒያን ጋዜጣ ማንበብ ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። የፍርድ ቤቱን ሂደት በየቀኑ ሲዘግቡ ነበር።

ቤዛ፣ ቢቨርተን
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ደወልኩላቸው። አስተርጓሚ እንፈልግላችኋለን፣ ግን ስንት ሰው እንደሚጠቀም ንገሪን አሉኝ። የሚመጣ አለ?

የድሮው ፖርትላንድ
እኔና ባለቤቴ አለን። እሷ በአማርኛ ካልሆነ አትመጣም፣ ጻፊን።