«የክረምት ጎማ» ለጅማ ክረምት ይሆናል?

ባለ ኮሮላው፣ ጅማ

እንደምን ሰነበታችሁ። ኮሮላ ነው የምነዳው፣ ጎማዋ 195/65/15። እናቴ ደዶ ስለሆነች በየሳምንቱ እመላለሳለሁ። ባለፈው ነሐሴ ዋናውን መንገድ ለቅቄ ወደ ቤቷ ስወርድ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ፊቷን አዙራ ቦይ ውስጥ ገባች። ያወጡኝ አምስት የሰፈር ልጆችና አንድ ጥንድ በሬ ናቸው። ባለ በሬው እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር «ጎማ ገዛህ ወይ?» ይለኛል።

ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ልቀይር ብዬ አንድ ሻጭ ጋ ሄድኩ። ከአውሮፓ የገቡ አራት ያገለገሉ ጎማዎች አወጣልኝ። «የክረምት ጎማ ነው» አለ። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሏል፣ መሃሉ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር አለ። ተራራው ምንድን ነው ስለው «ተራራ ይወጣል ማለት ነው፣ ደዶን እንደ ደረጃ ነው የሚወጣልህ» አለኝ። ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ለስለስ ይላል። 3816 የሚል ቁጥርም አለው። «የ2016 ምርት ነው፣ ገና ሁለት ዓመቱ» ብሎኛል። ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ነው። እስከ ሰኞ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ልግዛ?

ጎሚስታው፣ አጂፕ

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። 3816 ማለት በፈረንጅ የ2016 38ኛው ሳምንት ነው። በእኛ መስከረም 2009 ይሆናል። ጎማው አሥር ዓመት ሊሞላው ነው! በዚህ ቁጥር ስንቱ ሰው እንደተሸወደ እኔ አውቃለሁ።

ጥርሱ ሙሉ መሆኑ አያታልልህ። ሳይነዳም ላስቲክ ያረጃል። ጎኑን ጎበጥ አድርገህ እየው፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየህ ትተኸው ውጣ። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ቀብተውታል።

የጅሬን ልጅ፣ ካልጋሪ

ሰላም የአገሬ ልጅ። የቃሉ ነገር ነው ያሳሳተህ። የእነሱ ክረምት ሌላ፣ የእኛ ክረምት ሌላ። ኮከብ የመሰለህ የበረዶ ቅንጣት ነው። ምልክቱ ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ ጭቃ የሚለው ነገር የለም።

እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አለ። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲያንስ ተራው ጎማ እየደረቀ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የክረምቱ ላስቲክ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ በረዶውን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። የደዶ ቀይ ጭቃ ግን እዚያ ውስጥ ይጠቀጠቅና ጎማህ ድቡልቡል ዳቦ ይሆናል።

እኛ በጥቅምት አስረን በሚያዝያ እንፈታለን። አንድ ዓመት ሰንፌ እስከ ሐምሌ ነዳሁበት፤ ጥርሱ እንደ ላጲስ አለቀ። አንተ ደግሞ አዲስ አበባ ስትሄድ የጊቤን ቁልቁለት በዚያ ሙቀት ልትወርድበት ነው? ፍሬን ስትይዝ ቶሎ አይቆምልህም፣ ኩርባ ላይም ይዋልላል።

ባለ ኮሮላው

እንዴ! ታዲያ ምን ልግዛ? አራት አዲስ መግዣ አቅም የለኝም።

ጎሚስታው፣ አጂፕ

ለጭቃ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ነው የሚያስፈልግህ፤ ሲሽከረከር ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። እውነተኛው የጭቃ ጎማ ግን የላንድክሩዘር ነገር ነው፣ ባንተ ቁጥር ፈልገህ አታገኝም። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ታያለህ፣ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። እሱን ፋብሪካው ራሱ ስለሚጽፈው ብዙ አትመን፤ ጥርሱን እይ። ሁለት አዲስ ግዛና ከፊት እሰር። ኮሮላ የምትጎትተው በፊት እግሯ ነው።

የጅሬን ልጅ፣ ካልጋሪ

ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። አዲሱ ከኋላ ነው የሚታሰረው። እሱ እኮ መውጣት አቅቶት አይደለም፣ ሲወርድ ነው መኪናዋ የዞረችበት። ኋላዋ ስለተንሸራተተ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይም ያው ነው፤ ፊቱ ቢንሸራተት ነዳጁን ለቀቅ ታደርጋለህ፣ ኋላው ከሄደ ግን መሪ አይመልሰውም።

ጎሚስታው፣ አጂፕ

ለአስፋልት ልክ ነህ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ የሚቀረው ግን እሱ እንጂ አንተ አይደለህም። ለማንኛውም ያሉትን አሮጌዎች ክብሪት ሰክተህ ለካ። የክብሪቱ ጭንቅላት ካልተዋጠ አራቱንም መቀየር ነው፣ የፊትና የኋላ ክርክር የለም።

ባለ ኮሮላው

ለካሁ። ሁለቱ ይውጣሉ፣ ሁለቱ አይውጡም። ሁለት አዲስ ገዝቼ ከኋላ አሰርኩ። ይቅርታ ጋሼ፣ ያ ቦይ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። የተረፉትን ሁለቱን ወደ ፊት አዞርኳቸው።

ሻጩ ጋም ሄጄ ነበር። «2016ቱ እኮ በፈረንጅ ነው» አልኩት። «ታዲያ ጎማው የፈረንጅ አይደል?» አለኝ።