የጡረታ ቁጠባን አውጥቶ ለገጣፎ ቤት ስለመግዛት

ሰላም ለሁላችሁም፤

ሜሪላንድ የሚኖሩት የ55 ዓመቱ ወንድማችን የጡረታ ቁጠባቸውን አውጥተው ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ቤት ቢገዙ ይበጃቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሥራዬን አሜሪካ ጨርሼ ለገጣፎ የምኖር ሰው ነኝ። ቤት መግዛታቸውን አልቃወምም፤ የምቃወመው ቤቱን ጡረታ ማድረጋቸውን ነው። ቤት ከኪራይ ያሳርፋል እንጂ የመድኃኒት ዋጋ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የወር ገቢ አይሆንም።

ፎር ኦ ዋን ኬ (401(k)) ከሚባለው በአሜሪካ አሠሪ በኩል ከሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ የሚወጣ ገንዘብ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ያስከትላል፤ ብዙ ገንዘብ በአንድ ዓመት ሲወጣ ደግሞ ባለቤቱን ወደ ከፍተኛ የግብር እርከን ይገፋዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የሚታጣው ጊዜ ነው። 100,000 ዶላር ሳይነካ በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ቢያድግ፣ ወንድማችን 67 ዓመት ሲሞላቸው 200,000 ያህል ይሆናል። በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ክፍያ የሚጀምረውም በዚሁ ዕድሜ ነው፤ በ62 የጀመረ 30 በመቶ ይቀነስበታል፣ እስከ 70 የታገሠ ደግሞ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታል። የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ሲርቅ ክፍያው ሊቋረጥበት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድንም እዚህ ኢትዮጵያ ለሚደረግ ሕክምና በጥቅሉ አይከፍልም።

ብሄራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያላቸውን ሁሉ ወደ ብር ለውጠው ባንክ ያስቀመጡ ጎረቤቶቼና ጡረታቸው በዶላር የሚገባላቸው ጎረቤቶቼ ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት ኑሮ አልኖሩም። ስለዚህ ዋናው ገንዘብ በተገኘበት አገር፣ ወጪው ባነሰ የኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የሚይዝ መዋዕለ ንዋይ) ውስጥ ቢቆይና ወደ ብር የሚለወጠው ለጥቂት ወራት የሚበቃው ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚገዛው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው፤ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ይዞ ቤት ማፍራት ይችላል። አደጋው ያለው ከገበሬ ተቆርሶ በመንደር ውል ብቻ በተሸጠው ቦታ ላይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. እዚሁ ለገጣፎ ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱት ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ከባለቤቶቹም መካከል ግብር ስንከፍል ነበር ያሉ አልጠፉም። ካርታውን ደላላው በስልክ በላከው ፎቶግራፍ ሳይሆን ከመሬት አስተዳደሩ ማኅደር ጋር ያስተያዩ፤ ባንክ በዋስትና ይይዘው እንደሆነም ይጠይቁ። (ቤት መግዛትዎ ከተሰማ በኋላ የሚበዛውን የዘመድ ጥያቄም ከወጪው ጋር ይደምሩት።)

ግዢውን በወኪል የሚፈጽሙ ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥንና በዋስትና ማስያዝን እንዳይጨምር አድርገው ያስጽፉ። በኤምባሲ የተሰጠ ውክልና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ ስላለበት፣ ወኪልዎ ያን ሳይጨርስ ቀብድ እንኳ አይላኩ።