የአንድ ፕሮፌሰር ደመወዝ ለምን በሦስት መዝገብ ይከፈል ነበር?

ጎተራ (ጥያቄ)
ከ1906 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ባሉት የአሜሪካ የግብርና ኮሌጆች የሒሳብ ሪፖርቶች ላይ የአንድ ኬሚስት ደመወዝ ተቆራርጦ ተጽፎ ይገኛል፤ ከፊሉ በ«ሃች»፣ ከፊሉ በ«አዳምስ»፣ ቀሪው በ«ሞሪል»። ሰውየው አንድ፣ ግቢው አንድ። ገንዘቡን በአንድ ቋት አድርጎ መክፈል ምን ከለከላቸው?

ድርና ማግ
ሕጉ ነው የከለከላቸው። ሁሉም ከፌዴራል መንግሥት ይምጣ እንጂ እያንዳንዱ ገንዘብ የራሱ አጥር ነበረው።

የ1890ው ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ለማስተማር ብቻ ነው። በዓመት ከ15,000 ዶላር ተነሥቶ 25,000 ደረሰ፤ የ1907ቱ የኔልሰን ማሻሻያ ቀስ በቀስ ወደ 50,000 አሳደገው። ለጥቁሮችና ለነጮች የተለያየ ኮሌጅ ባላቸው ግዛቶች ይህ ለሁለቱ ስለሚካፈል ድምሩን ስታነብ ተጠንቀቅ። የ1887ቱ የሃች ሕግ በኮሌጁ ሥር ላለው የግብርና ምርምር ጣቢያ በዓመት 15,000 ይሰጥ ነበር። የ1906ቱ አዳምስ ደግሞ በ5,000 ጀምሮ በየዓመቱ 2,000 እየታከለበት 15,000 ሞላ፤ እሱም ለአዲስ ምርምር ብቻ።

ስለዚህ ኬሚስቱ ክፍል ገብቶ ያስተማረበት ሰዓት በሞሪል፣ የተለመደው የመኖ ሙከራ በሃች፣ «ለምን እንዲህ ሆነ» ብሎ የሚመረምርበት ሥራ በአዳምስ ይያዛል።

የወጪ ማስረጃ
ችግሩ የሚጎላው ሕንፃ ላይ ነው። የሞሪል የ1890 ገንዘብ ሕንፃ መግዛትም፣ መሥራትም፣ መጠገንም አይችልም። ከሃች በመደበኛው ዓመት ለሕንፃ የሚፈቀደው 5 በመቶ፣ ማለትም 750 ዶላር ነበር። የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ቢያፈስ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የግዛቱን ምክር ቤት ደጅ ከመጥናት ሌላ መንገድ የለውም፤ ካዝናው ሙሉ ሆኖም እንኳ።

የበጀት ዓመቱ በፈረንጆቹ ጁን 30 ይዘጋ ነበር። ከሃች ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ከሚቀጥለው ዓመት ድርሻ ላይ ይቀነስ ነበር። ከሞሪል ያለ ቦታው የዋለ ካለ ግዛቱ እስኪተካው ድረስ ቀጣዩ ክፍያ ይቆማል። ሒሳብ ሹሙ አንድ ከረጢት መኖ ሲገዛ እንኳ ላሟ ለትምህርት ናት ወይስ ለሙከራ ብሎ መጠየቅ የነበረበት ለዚህ ነው። አዳምስ ከሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ የምርምሩ ዕቅድ አስቀድሞ ዋሽንግተን ለሚገኘው የምርምር ጣቢያዎች ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፣ የቡለቲን ማተሚያና አጠቃላይ የአስተዳደር ወጪም አይነካውም።

ጎተራ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። እርሻውንስ የሚያዝዘው ማን ነበር? ዲኑ ወይስ የጣቢያው ዳይሬክተር?

ድርና ማግ
ብዙ ቦታ ሁለቱም አንድ ሰው ነበር፤ ከበላዩ ፕሬዚዳንቱና የባለአደራዎቹ ቦርድ አሉ። ሹመቱ ሲለያይ ግን ግጭት አይቀርም። የእርሻ ኃላፊው ማሳው ሁሉ አምሮ እንዲታይና ገቢ እንዲያስገባ ይፈልጋል። ተመራማሪው ደግሞ ማዳበሪያ ያልነካው ማነጻጸሪያ መደብ ይፈልጋል፤ ሰብሉ የገረጣና አጭር ቢሆንም እንደዚያው መቆየት አለበት። አንድ ሰው አዝኖለት ፍግ ቢበትንበት የዓመታት ሙከራ ገደል ገባ ማለት ነው።

የወጪ ማስረጃ
ከ1914 በኋላ ያሉትን ሪፖርቶች ስትከፍት አራተኛ መዝገብ ታገኛለህ፤ በ1914ቱ የስሚዝ-ሌቨር ሕግ የተሰጠ የኤክስቴንሽን፣ ማለትም ገበሬውን ከኮሌጁ ውጭ ማስተማሪያ ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ግዛት በዓመት 10,000 ዶላር መነሻ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው በገጠር ሕዝብ ብዛት ይደለደል ነበር፤ እሱንም ለማግኘት ግዛቱ እኩል ማዋጣት ነበረበት።