ለእህቴ የሉፐስ ሕክምና ብር እንዴት እናሰባስብ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ባሕር ዳር ነው የምንኖረው። ታናሽ እህቴ 23 ዓመቷ ነው። ካቻምና ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ ቀላ ያለ ነገር ወጣባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው ስላለ ዳማከሴ ስናሻት ከረምን። ቀጥሎ እጇ ማበጥ ጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት የሻይ ብርጭቆ እንኳ ጨብጣ ማንሳት አቃታት። ስንት ቦታ ተንከራተን ነው ሉፐስ መሆኑ የታወቀው። በሽታ ሊከላከልላት የሚገባው የሰውነቷ አቅም ዞሮ ራሷን ነው የሚያጠቃው አሉን። አሁን ኩላሊቷንም ነክቷል። እኔ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ አባቴ ጡረተኛ ነው፣ መድኃኒቱና ምርመራው ከአቅማችን በላይ ሆነ።

ያሰብነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ቡናና ዳቦ እንሸጣለን፣ እሷም እዛው ትቀመጣለች፣ ፎቶዋን ደግሞ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። የፎቶውን ነገር ስትሰማ ግን አለቀሰች። ጓደኞቼ ሰው ፊቷን ካላየ እጁን ኪሱ አይከትም ይሉኛል። ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ እኔም ሉፐስ አለብኝ፣ 6 ዓመቴ። (ከ10 ሕመምተኛ 9ኙ ሴቶች ነን፣ ብቻሽን አይደለሽም በላት።) መጀመሪያ ነገር ሐይቁ ዳር እንዳታስቀምጧት! ፀሐይ በሽታውን ትቀሰቅሰዋለች። የባሕር ዳርን ፀሐይ ደግሞ ታውቃታለህ። እኔ ገበያ እንኳ ስወጣ ጃንጥላና ረጅም እጅጌ ነው። ለእሷ ብር እንሰብስብ ብላችሁ እሷኑ አልጋ ላይ ታውሏታላችሁ።

ፎቶውንም ተዉት። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የሉፐስ መድኃኒት ሲወሰድ ፊት ክብ ብሎ ይሞላል። እኔን ያኔ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» ነበር የሚለኝ፣ ማታ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ወንድሜ እያዘለኝ። እንዲህ ሆና ፎቶዋን ያየ ሰው ድናለች ብሎ ነው የሚያልፈው።

ስሜ ይቅር፦
ጸበል ወስዳችኋታል? እኔ የማውቃት ልጅ መድኃኒቱን ጥላ ጸበል ገብታ ነው ደህና የሆነችው።

ነርሷ፦
ጸበሉን ትጠመቅ፣ ማን ከለከላት። መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ። ሉፐስ ራሱ አንዳንዴ ጋብ ይላል፣ ያኔ የዳነ ይመስላል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው፣ በአንዴ ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው ሌላው የሉፐስ መድኃኒት ከታዘዘላት፣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል የዓይን ምርመራውንም ወጪው ውስጥ አስገቡ፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

የእድር ጸሐፊ፦
እኔ በገንዘቡ በኩል ልናገር። ይሄ እንደ ቀዶ ሕክምና አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። በአንድ ቅዳሜ 50 ሺህ ብር ብታገኙ እንኳ ወራት ሳይቆይ ያልቃል፣ ሁለተኛ ስትመጡ ሰው ፊቱን ያዞራል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ። የእኛ እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ለታመመ ግን ደንቡ ዝም ነው። ስንት ስብሰባ ተጨቃጭቀን በፈቃደኝነት በወር 30 ብር ተባለ፣ 60 ቤት ገባ፣ 1,800 ብር። አምስተኛው ወር ላይ የሚከፍለው 41 ቤት ብቻ ሆነ። ትንሽ ናት፣ ግን የመድኃኒቱ ቀን ሲደርስ አለች።

ብሩ በአንተ ስም ብቻ አይግባ። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ አካውንት ክፈቱ፣ አንዱ ከቤተሰብ ውጪ ይሁን። የሐኪም ማስረጃውንና የፋርማሲ ደረሰኙን ለሚሰጧችሁ ሰዎች ብቻ አሳዩ፣ የልጅቷ ምርመራ ሰፈር ለሰፈር አይዙር። በኢንተርኔት ብር የሚሰበሰብበትን ጎፈንድሚን ካሰባችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አካውንት ብር አያስገባም፣ ውጭ ያለ የምታምኑት ዘመድ ነው መክፈት ያለበት። ጤና መድን ካላችሁ ደግሞ መታደሱን እዩ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አነበብኩላት። «ተስማማሽ» የሚለው ጋ ስደርስ እንዴት እንደሳቀች፣ ለካ እሷንም ሰሞኑን የማዕዘኗ ባለሱቅ እንደዛ ብሏታል። ፎቶው ቀርቷል። ጽሑፉን እኔው ልጻፈው አለች። አካውንቱን ከጎረቤታችን ከጋሼና ከአክስቴ ጋር ነገ እንከፍታለን። አክስቴ ዘጌ ናት፣ ቡና ልላክላችሁ ብላለች፣ እህቴም ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ እየመዘነች ታሽጋለች፣ እኔ በባጃጅ አደርሳለሁ። እስቲ የምታውቁ፣ የዘጌ ቡና ኪሎው አሁን ስንት ነው የሚሸጠው?